አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች

(በስግድ ሰሞን ለማኅበራችን ወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከገደራና ከያቭኔ ድረስ የመጣችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ የዚሁ የቂርያት መላኺ ልጆችም፤

ከሁሉ በፊት ስለ አማርኛዬ ይቅርታ ልጠይቅ። የእኔ አማርኛ የቤት አማርኛ ነው፤ ከወጥ ቤትና ከሳሎን ብዙም ወጥቶ አያውቅም። ፊደሉን በደንብ የለየሁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ይህን ወረቀት እናቴ ሦስት ጊዜ አርማልኛለች። በአራተኛው ጊዜ ግን ሰልችቷት «በቃ፣ እንደራስሽ ተናገሪ» አለችኝ። ስለዚህ እዚህም እዚያም ዕብራይስጥ ቢያመልጠኝ እንደ ልጅ አድርጋችሁ እለፉኝ።

ኮሚቴው «ስለ ባህላችንና ስለ እጅ ሥራችን አንድ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመሶብ ፎቶ፣ የጥበብ ቀሚስ ፎቶ፣ የጀበና ፎቶ በስክሪን አሳያለሁ፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ቡና ይፈላል፣ አለቀ። እንዲያ ብዬ ጀምሬ ነው አያቴን ለመጠየቅ የሄድኩት። ፎቶዎቹ ስልኬ ውስጥ ናቸው፤ ዛሬ ግን አላሳያችሁም።

አንድ የልጅነት ነገር ልንገራችሁ። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነኝ አያቴ «ዛሬ የት ዋልሽ?» ስትለኝ «ጋን ውስጥ» አልኳት። በዕብራይስጥ ጋን ማለት መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አያቴ ግን እስክታነባ ሳቀች። «ጋን ውስጥማ የሚውለው ጠላ ነው!» አለችኝ። ጋን የሚባል ትልቅ ሸክላ እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያልነገረችኝ ግን ጋኑን የምትሠራው እሷ እንደነበረች ነው። ያንን ሳላውቅ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ።

ያወቅሁት በለቅሶ ቤት ነው። ሠራዊት ውስጥ ሆኜ ለእረፍት መጥቼ ገደራ አንድ ዘመድ ሞቶብን ሄድን። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀምጠው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት። «የአያትሽን እጅ ይዘሻል። የእሷ ጀበና እኮ በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ስሙ የተጠራ ነበር» አሉኝ። እኔ ደስ አለኝ። ዞር ብዬ አያቴን ሳያት ግን ፊቷ ጠቁሯል። በመንገድ ምንም አልተናገረች። ቤት ስንገባ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና «ይህን ነገር ለጓደኞችሽ እንዳታወሪ» አለችኝ።

ለምን? እዚህ ላይ ነው እናቴ ወረቀቴ ላይ የሰረዘችው ቃል ያለው። ሦስቴ ሰረዘችው፣ ሦስቴ መለስኩት። እናቴ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ይቅር በይኝ። ቃሉ ቡዳ ነው።

ወጣቶቹ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ይስሐቅ ከቤተ እስራኤል ጋር ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማዘዛቸው በታሪክ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ የሰው መሬት ያርሳል፣ ወይ በእጁ ሠርቶ ይበላል። ብዙዎቹ አያቶቻችን ሁለቱንም ያደርጉ ነበር፤ በክረምት የባለርስቱን መሬት ያርሳሉ፣ በበጋ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል ወይም ሸማ ይሠራል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ጎንደርን ከተማቸው ሲያደርጉ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው የጎንደር ግንብ ማለቴ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያለ ማረሻ ማንም ገበሬ አያርስም። ያለ ምጣድ ማንም ሴት እንጀራ አትጋግርም። ማረሻውንም ምጣዱንም የሚሠራው የእኛ ሰው ነው። ግን እሳትና ጭቃ የሚነካ ሰው፣ አፈርን ወደ ዕቃ፣ ድንጋይ የመሰለውን ወደ ብረት የሚለውጥ ሰው ያስፈራ ነበር። ስለዚህ ጠይብ አሉት፣ ዓይኑ ሰው ይበላል አሉት፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል አሉት። ይህ ስድብ በእኛ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በብዙ የኢትዮጵያ አገር ባለ እጅ ሁሉ ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በንግሥናቸው የመጨረሻ ዓመታት ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ምን ያህል እንደሠራ ከአያቴ ጠይቁ። «በሠራሁት ምጣድ እንጀራ ይጋግራሉ፤ እኔ በደጃቸው ሳልፍ ግን የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር መራራቁ ከእኛም በኩል ነበር። ከሌላው ጋር የተነካካ ታጥቦ እንጂ ዝም ብሎ ቤት አይገባም። «አትንኩኝ» የተባለው ሥርዓት ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እኛ እንዳንረክስ እንሸሻለን፣ እነሱ እንዳይበሉ ይሸሻሉ፤ በመሃል ምጣዱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ሌላም ችግር ነበር። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፣ ስሙ ራሱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ለእኛ ደግሞ ቅዳሜ ሰንበት። ስለዚህ አያቴ ሸክላዋን ተሸክማ በሥራ ቀን ወደሚቆሙት ገበያዎች ነበር የምትሄደው፤ አንዳንዱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይደለም። ድስቱን ጤፍ ወይም ገብስ ሞልተው ይሰጧታል፣ እህሉን ይዛ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ሠራዊት ውስጥ አብራኝ ያገለገለች፣ ቤተሰቧ ከህንድ የመጡ ልጅ አለች፤ ቤኔ እስራኤል ይባላሉ። በቦምቤይ አካባቢ በባሕሩ ዳር ኮንካን በሚባለው አገር አያቶቿ ዘይት ጨማቂዎች ነበሩ። ዘይት መጭመቅ እዚያም ዝቅ ያለ ሥራ ነው የሚባለው። ጎረቤቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ምን ነበር መሰላችሁ? ሻኒቫር ቴሊ፣ ማለትም የቅዳሜ ዘይት ጨማቂዎች፤ ቅዳሜ ሥራ ስለማይሠሩ። ይህን ስትነግረኝ ስለ አያቴ ገበያ ነገርኳት፤ ሁለታችንም ለጥበቃ ቆመን ሳቅን። እነሱም እዚህ አገር በ1960ዎቹ «አይሁድነታችሁ ይጣራ» ተብለው ተሰልፈው ጮኸዋል። ያ ደግሞ ለእናንተ አዲስ ታሪክ አይደለም።

እሺ፣ ወደ ሸክላው ልመለስ።

አያቴ ከዚያ የለቅሶ ቀን በኋላ ስለ ሥራዋ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። በመጨረሻ የተናገረችው ስለጠየቅኳት አይደለም፤ ስለተናደደች ነው። ከሹክ አንድ ጀበና ገዝቼ መጣሁ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በፋብሪካ የተሠራ። ያዘችው፣ በጣቷ ቋ ቋ አደረገችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች። «ይህ ድንቁር ነው» አለችኝ። የሸክላ ድንቁር! ጥሩ ሸክላ ሲያንኳኩት እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተተኮሰ ግን ድምፁ ይሞታል። ከዚያ በኋላ እጇ በባዶ ጠረጴዛ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ቀዳኋት። አላየችኝም መሰለኝ፤ ወይም አይታ ዝም ብላለች።

ጭቃው ከየትም አይወሰድም። የሚለጠጥ፣ የማይሰነጠቅ አፈር ያለበትን ቦታ ሴቶቹ ያውቁታል። ቆፍረው ይሸከሙታል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይረጥባል። ከዚያ ነው ገሉ የሚገባው። ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ነው። አሮጌውን እንስራ፣ የተሰነጠቀውን ምጣድ ወቅጠው አልመው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያቦኩታል። ያለ ገል የተሠራ እሳት ላይ ይፈነዳል። «የተሰበረው ለአዲሱ አጥንቱ ነው» አለችኝ። እኔ ኢንጅነሪንግ የሚማር የአክስት ልጅ አለኝ፤ ጠየቅኩት። ልክ ነው፣ ዛሬም በፋብሪካ የተፈጨ ሸክላ በጭቃው ውስጥ ይጨምራሉ፣ በሙቀት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ። አያቴ በኡልፓን ፊደል መቁጠር አቅቷት አልቅሳ የወጣች ሴት ናት።

የሚሽከረከር ነገር የለም፤ በፊልም የምታዩት ሰሐኑ እየዞረ የሚሠራው ዓይነት አይደለም። እዚህ የሚዞረው ሰው ነው። ከታች ጀምራ በጥቅልል ጭቃ እየጨመረች፣ ጎንበስ ብላ በዕቃው ዙሪያ ወደ ኋላ እየሄደች ትሠራዋለች። ለትልቅ ጋን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ነው። «ወገቤ እዚያ ነው የቀረው» ትላለች። ሲጠነክር በወንዝ ድንጋይ ይታሻል እስኪያብረቀርቅ። ያ ድንጋይ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። በጥላ ለቀናት ይደርቃል። ከዚያ ሜዳ ላይ ኩበትና እንጨት ተደርድሮ ይተኮሳል። እሳቱን የምትጠብቀው ሴት ነፋስ ማንበብ አለባት፤ ነፋስ በድንገት ከዞረ የሳምንቱ ሥራ ያልቃል። የተተኮሰው ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይሟሻል፣ እንጀራው እንዳይይዝ። እናቶች ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው፤ ስለዚህ ልክ ነኝ ማለት ነው።

ስለ ወንዶቹም ልናገር፣ አባቶች እንዳይቀየሙኝ። ያቭኔ ውስጥ ቀጥቃጭ የነበሩ አንድ አባት አግኝቻለሁ። እዚህ አገር እስከ ጡረታቸው በጥበቃ ሥራ ነው የኖሩት። ወናፉ የፍየል ቆዳ እንደነበር፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ እጅ እያፈራረቁ እንደሚነፉ በባዶ እጃቸው አሳዩኝ። የወናፉ አፍ፣ እሳቱ ውስጥ የሚገባው፣ ሸክላ ነው። ብረት ቢሆን ይቀልጣል፣ እንጨት ቢሆን ይነዳል። «እሱን ማን ይሠራል?» አልኳቸው። «ባለቤቴ ነቻ!» አሉ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። ማረሻው ያለ ሸክላ አይወጣም ማለት ነው። እኔ ይህን በየትም አላነበብኩም፤ የሰማሁት ያቭኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

የያቭኔ ልጆች ካነሳኋችሁ አይቀር፣ በ2021 እናንተ ከተማ ውስጥ ሲቆፈር የተገኘውን ታስታውሳላችሁ? 1,500 ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ጠጅ ፋብሪካ፤ አምስት ትልልቅ መጭመቂያ፣ መጋዘኖች፣ ወይን ጠጁ የሚሞላበት የሸክላ ጋን የሚተኮስባቸው ምድጃዎች። በቴሌቪዥን ሲያሳዩ ከአያቴ ጋር ነበርኩ። ሁሉም ስለ ወይን ጠጁ ነው የሚያወራው። አያቴ ግን «ያን ሁሉ ጋን ማን ሠራው? ስለ ሠሪው ምንም አላሉም?» ብላ ጠየቀችኝ። አላሉም ነበር።

አሁን ወደሚያስቸግረኝ ነገር ልምጣ። በሳሎናችን ሁሉ መሶብ አለ። በሠርግ፣ በስግድ፣ በመትናስ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ስፌት ተሰቅሏል። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ግን የት አሉ? ለረጅም ጊዜ «ሣር ስለሚቀል ነው፣ ጭቃ ስለሚከብድ ነው» እል ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ስፌት በኢትዮጵያ የሁሉም ሴት ሥራ ነበር። ባላገሯም እመቤቷም ወስፌ ይዛ ትሰፋለች፣ ማንም አይሰድባትም፤ እንዲያውም ሙያ ይባልላታል። እናቶቻችን እዚህ ሲመጡ አክርማና ስንደዶ ቢያጡ በስንዴ አገዳ፣ በራፊያ፣ በጥልፍ ክር ቀጠሉበት፤ ቀለሙንም አበዙት። ሸክላና ብረት ግን የተሰደብንባቸው ናቸው። እና እኛ ዛሬ «ባህላችን» ብለን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው፣ ጎረቤት ያልሰደበንን ብቻ ይሆን? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ማጋነን አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ምስሎቹስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ወለቃ የምትባል መንደራችን ነበረች፤ ቱሪስት ለመኪና መንገዱ ቅርብ ስለሆነች ይቆምባታል። እዚያ ሴቶቹ ትንንሽ የሸክላ ምስል መሥራት ጀመሩ። የይሁዳ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ፣ ማጌን ዳቪድ ያለበት ሳህን። ሕዝባችን ከወጣ በኋላም በወለቃ ሌሎች ሴቶች ሥራውን ይዘው ቀጥለዋል። እዚህም አገር ብዙ እናቶች ምስል ሠርተዋል፤ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ በሱዳን መንገድ ልጅ ያዘለች እናት። የሚያምሩ አሉ፣ የሚያስለቅሱም አሉ። አያቴ ግን አትወዳቸውም። «ውኃ የማይይዝ ሸክላ ምን ያደርጋል?» ትላለች። በዚህ አልስማማም። ሴቶቹ በምስሎቹ የልጆቻቸውን ደብተር ገዝተዋል፣ የመንገዱንም ታሪክ ነግረውናል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እንስራ የተሸከመችን ሴት ምስል ገዝተን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን፤ እንስራ የምትሠራው ሴት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች።

አያቴ የመጣችው በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው። ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን፣ አንዱ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ። ሻንጣ የለም። አያቴ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ስትጠብቅ ይዛው የነበረው የእናቷ ማሻ ድንጋይ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በግርግሩ ወደቀባት። ይህንን የነገረችኝ ባለፈው ወር ነው። እናቴም ያን ቀን ነው የሰማችው፤ የገዛ ልጇ! ሠላሳ ዓመት አልፎት።

ኢየሩሳሌም ውስጥ በ1906 የተመሠረተ ትልቅ የጥበብ ትምህርት ቤት አለ፣ ብጻልኤል ይባላል። ስሙ በኦሪት ዘጸአት ከምናነበው ከባስልኤል ነው፤ የማደሪያውን ድንኳን ዕቃ በወርቅ፣ በብርና በእንጨት የሠራው። በኦሪታችን እግዚአብሔር ጥበብን የሞላበት ሰው ባለ እጅ ነው፤ ቀጥቃጭና ቀራጺ። አንድ የሚያውቁኝን ቄስ ሄጄ «ታዲያ ኦሪትን የሚያነቡ ሰዎች ባለ እጅን እንዴት ቡዳ ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ የተራበ ሰው ባለ እንጀራውን ይጠላል» አሉኝ። ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል ማለት አልችልም።

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንደምናገር ልንገራችሁ፤ ዛሬ ማታ ከቡናው በኋላ ኮሚቴው የሚወስነው ነገር ስላለ ነው።

የማኅበራችን የዚህ ዓመት ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንደኛው ሐሳብ አንድ ትልቅ የባህል ምሽት ማዘጋጀት ነው። አዳራሽ፣ የእስክስታ ቡድን፣ ዘፋኝ፣ ምግብ። ጥሩ ነው፣ እኔም እጨፍራለሁ። ሁለተኛው ሐሳብ የእኔና የገደራዎቹ ልጆች ነው። ያንን ገንዘብ በዓመቱ ላይ በትነን፣ በየሳምንቱ አንድ ማታ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች እንዲያስተምሩን። እና እንዲከፈላቸው።

«እንዲከፈላቸው» ስል ባለፈው ጊዜ አንዳንዶች ፊታቸውን አኮሳትረዋል። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ቦታ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ለእኛ አሮጊቶች የሸክላ ክፍል ተከፍቶ ነበር። አስተማሪዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ደግ ናት፣ ደመወዝ አላት። አያቴን ጭቃ ሰጥታ «የፈለግሽውን ሥሪ፣ ዘና በይ» አለቻት። ብስኩትና ሻይ ነበር። አያቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ቀረች። «ለምን?» ስላት «ያቺ ልጅ ጭቃው ውስጥ አየር ትታ ታስጀምረናለች፤ ብነግራት ደግሞ ቋንቋ የለኝም» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ጋን የሠራች ሴት ብስኩት ይሰጣታል፣ ደመወዙ ለተማሪዋ። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን እኔ አያቴን እንደገና ለዚያ ዓይነት ነገር አልወስዳትም። ስለ እኛ ሐሳብ ስነግራት የመለሰችው ይህን ነው፦ «ለማስተማር ከሆነ እመጣለሁ። ለመዋያ ከሆነ ግን ጉልበቴን ያመኛል።»

አንድ ወላጅ ደግሞ በስልክ «የድሮ ስድብ ምን ያስቆፍርሻል? ልጆቻችን ኮምፒውተር ይማሩ» ብለውኛል። ይማሩ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ግን ስድቡን የቆፈርኩት እኔ አይደለሁም። እዚሁ ከተማችን በ2012 መጀመሪያ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፤ ለእኛ ሰው ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም የሚል ስምምነት በአንዳንድ ሕንፃ ሲሰማ፣ ወላጆቻችን ተሰልፈው አደባባይ የወጡበት። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አያቴም ወጥታ ነበር። ያን ቀን ስትመለስ «እዚህም ፊት ይሸፍናሉ» ማለቷን አስታውሳለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ገና ዘንድሮ ነው።

የእኛ ነገር ጊዜ የለውም። በሦስቱ ከተሞቻችን እየዞርኩ እስካሁን ያገኘኋቸው ሸክላ ሠሪዎች አራት ናቸው፤ ቀጥቃጭ አንድ። ሌሎች ይኖራሉ፣ ግን እንደ አያቴ ተደብቀዋል። ከአራቱ አንዷ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በአፍ ብቻ ነው የሚያስረዱት። ወላጆች፣ እቤታችሁ ያሉትን እናንተ ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም፣ ማንንም አላጋልጥም። በጆሮዬ ንገሩኝ።

የሞከርነውንም ልንገራችሁ፣ እንዳይመስላችሁ ወሬ ብቻ ነው። ባለፈው በጋ እኔና ሁለት የገደራ ልጆች ከሱቅ ጭቃ ገዝተን አያቴ ፊት ተቀመጥን። የሠራሁት የመጀመሪያ ጀበና አንገቱ እንደ ሰጎን ነበር። አያቴ «ገና አልደረቀም፣ ገልም የለውም» አለች። እኛ ቸኩለን በኤሌክትሪክ ምድጃ አስተኮስነው። ፈነዳ። የጎረቤቱን ልጅ የሸክላ ሳህንም አብሮ ሰበረ፤ ይቅርታ ጠይቀናል፣ ከፍለናል። አያቴ ስብርባሪውን አየችና አልተቆጣችም። «አሁን ገል አገኘሽ» አለችኝ። ከበረንዳዋም አንድ የተሰነጠቀ የአበባ ማስቀመጫ አምጥታ በሙቀጫ አስወቀጠችኝ። ሁለተኛው ጀበና ወጣ። ትንሽ ያዘነብላል፣ ግን ሲያንኳኩት ይጮኻል። ዛሬ ቡናው የሚቀዳው ከእሱ ነው፤ ቢፈስ የእኔ ጥፋት ነው እንጂ የአያቴ አይደለም።

ኮሚቴው ከፈቀደ ከሐኑካ በኋላ እንጀምራለን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ። ክረምቱን ጭቃ እንሠራለን፣ ስፌትም ለሚፈልግ ይኖራል። የሜዳ እሳቱ ግን ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ሲቆም፤ የእሳት አደጋ ፈቃድ ማውጣት አለብን። ኩበት የት እናገኛለን ላላችሁኝ፣ አንድ ላም የሚያረባ የሞሻቭ ሰው ደውዬ ለምኛለሁ። መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ስልኩን ዘጋብኝ፣ በሁለተኛው «ለምንድን ነው?» አለ፤ ስነግረው «የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ፣ ግን እኔም ሲነድ ልይ» አለኝ። አያቴ ላሞቹ ምን እንደሚበሉ ጠይቂው ብላኛለች፤ ሣር ካልበሉ ኩበቱ በደንብ አይነድም ትላለች። እስካሁን አልጠየቅኩትም።

እስከዚያው አንድ ልመና አለኝ። እቤታችሁ የተሰበረ ጀበና፣ የተሰነጠቀ ምጣድ፣ የአበባ ማስቀመጫ ካላችሁ አትጣሉት። የሚያብረቀርቀው የፋብሪካ ዓይነት አይሆንም፤ ቀዩ፣ ተራው ሸክላ ነው የሚፈለገው። ከረጢቱ በሩ አጠገብ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሆናችሁ አንሱት።